አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ አላውቅም

የመዛኟ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ወለላ ይርጋ፣ ዕድሜ አሥራ አንድ፣ የቤት ተማሪ። ልኬቱ የተካሄደው በአባቷ መኖሪያ ቤት፣ ሕጉ በሚያዘው መሠረት በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ነው። ተመዛኟ ከሰማንያ ጥያቄዎች ስድሳ አንዱን አላውቅም ብላ አልፋለች። አሥራ ስምንቱን በትክክል መልሳለች፣ አንዱን ተሳስታለች። አልፈራችም፣ አላለቀሰችም፣ ጊዜም አላጠራትም። ከዚህ የምረዳው ልጅቷ በቤቷ እየተማረች አለመሆኑን ነው። ማሟያ ቤት እንድትገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

የአባቷ አቤቱታ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ወለላ ከሰማንያው ጥያቄ አንዱንም አልተሳሳተችም። የምታውቀውን መለሰች፣ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ሰው ከዚህ የበለጠ እውነት ሊናገር አይችልም። ተሳሳተች የተባለችበት ጥያቄ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል የሚል ነው። ዘጠና ሁለት ብላለች። በእኛ ቤት ውሃ የሚፈላው በዘጠና ሁለት ነው፤ አብረን አፍልተን አብረን ለክተነዋል። የሚጠራጠር መጥቶ ማየት ይችላል።»

ሁለቱም ወረቀቶች የሚያወሩት ስለ አንድ ማለዳና ስለ አንዲት ልጅ ነው። ሁለቱንም የጻፉት ሰዎች አልዋሹም።

አባትየው ይርጋ አራጌ ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ወገብ የተዘረጉትን የጉም መረቦች ይጠብቃል። መረቦቹ አርባ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳል፣ በመረቦቹ መሐል ያልፋል፣ ሲያልፍም ጠብታውን ትቶ ይሄዳል። ጠብታው በቦይ ወርዶ በርሜል ይሞላል፣ በርሜሉ የታችኛውን ሰፈር ያጠጣል። ይርጋ የተቀደደ ይሰፋል፣ የተደፈነ ይጠርጋል፣ የእያንዳንዱን በርሜል ልክ አይቶ ይጽፋል። ወለላ መራመድ ከቻለች ጀምሮ አብራው ትወጣለች። ቁጥር የተማረችው ከበርሜሎቹ ነው፣ ጽሕፈት የተማረችው በዚያው መዝገብ ጀርባ ላይ ነው።

በከተማው የመጨረሻው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች የእህል መጋዘን ሆነዋል። ልጆች ሁሉ የሚማሩት ቤታቸው ነው፣ የሚያስተምራቸውም ግድግዳው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይበራል፣ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ሲያዛጉ ያያቸዋል፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደህና ዋሉ ብሎ ይጠፋል። የልኬቱን ጥያቄ የሚያወጣውም ያው ግድግዳ ነው። የጎረቤታቸው የሰይድ ሦስት ልጆች በሦስት የተለያዩ ዓመታት ተመዝነው ሦስቱም ከሰማንያ ሰባ አራት አምጥተዋል። ሰይድ ይህን ሲያወራ መጀመሪያ ይኮራል፣ ቀጥሎ ወሬውን ወደ ጉሙ ያዞራል።

ይርጋ ግድግዳውን ካጠፋው ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሕጉ አይከለክለውም። ወላጅ ልጄን ራሴ አስተምራለሁ ካለ ይፈርማል፣ ልጁም እንደ ሌሎቹ ልጆች በአሥራ አንድ ዓመቱ ይመዘናል። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከዚያ በታች ያመጣ ልጅ ታች ሜዳው ላይ ወዳለው ማሟያ ቤት ይሄዳል፣ አራት ዓመትም እዚያ ይቀመጣል። ወላጅ በዓመት ሁለት ቀን እየሄደ ይጠይቀዋል።

የይርጋና የወለላ ቤት አንድ ደንብ ነበረው። ማንም ሰው የሆነ ነገር ሲያወራ ወይ አይቻለሁ፣ ወይ ሰምቻለሁ፣ ወይ አላውቅም ማለት አለበት። አላውቅም ያለ ደግሞ እዚያ ላይ አያቆምም፤ «ሄጄ አያለሁ» ብሎ ይጨርሳል። ደንቡን ያወጣው ይርጋ ነው፣ ሚስቱ ስንዱ በሞተች በአርባኛው ቀን። ስንዱ ስትታመም ወለላ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አንዱ ጎረቤት ጉንፋን ነው አለ። አንዷ ብርድ መቷት ነው አለች። ሌላው የእህቱ ልጅ እንዲሁ ሆና በሳምንቷ እንደተነሳች ምሎ ተናገረ። ግድግዳው እንኳ ሲጠየቅ ዕረፍት ታድርግ አለ። ሁሉም በሙሉ አፉ ተናገረ፣ ያየ ግን አንድም አልነበረም። ይርጋ ሁሉንም አመናቸው። ሐኪም ቤት ያደረሳት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በነጋታው አስከሬኗንና አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጥተው መለሱት።

ደንቡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰይድ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «ወለላ፣ ጉሙ ዛሬ እንዴት ነው?» ይላታል።

«እስከ አሥራ ሁለተኛው መረብ አይቻለሁ፣ ወፍራም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም፣ ሄጄ አያለሁ።»

«ወላሂ ይርጋ፣ ልጅ ነው የወለድከው ዳኛ? ነገ ደህና አደርሽ ስላት፣ ደህና ማደሬን በምን አወቅህ፣ ምስክር አምጣ ትለኛለች።»

«ትላለች» ይላል ይርጋ። «አንተም ሳታይ ነው የምትናገረው።»

የልኬቱ ዕለት እንደ ደንቡ በራቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቀለ። ነጭ ጨርቅ የተሰቀለበት መንደር ውስጥ ሰው አይወቅጥም፣ አይጣራም፣ አውራ ዶሮ ያለው ቅርጫት ይደፋበታል። ክፍሉ ተራቁቶ፣ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ ወጥቶ፣ ወለላ ከመዛኟ ጋር ብቻዋን ገባች። ይርጋ ጥላው በመስኮቱ እንዳይታይ ከጓሮው ጥግ ተቀመጠ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ ፊቷ ፈክቶ ወጣች።

«እንዴት ነበር?»

«አራት መልስ አለው፣ አምስተኛ ደግሞ አላውቅም የሚል ቁልፍ አለው። እሱ ጥሩ ነው። ሰምቻለሁ የሚል ግን የለውም።»

«ታዲያ የሰማሽውን ምን አደረግሽው?»

«አላውቅም ውስጥ ጨመርኩት።»

ይርጋ ያን ጊዜ ሳቀ። ደስ ብሎት፣ ኮርቶባት ነው የሳቀው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ያ ሳቁ ትዝ ባለው ቁጥር ይቆጨው ጀመር።

አቤቱታ ላቀረበ ወላጅ መዛኟ በሰባተኛው ቀን ትመለሳለች። ልጁ አንድ ጊዜ ደግሞ ሊመዘን ይችላል፣ ያን ጊዜ ግን አምስተኛው ቁልፍ ይዘጋል። ልጁ ከአራቱ አንዱን የግድ መምረጥ አለበት። ይህን የሰማ ዕለት ሰይድ ልጆቹ የተለማመዱበትን የወረቀት ጥራዝ በአጥር አቀበለው።

«አብሽር» አለው። «ልጅህ ከኔዎቹ ታንሳለች? አፏን ፍታላት እንጂ። መስክረሽ ተናገሪ ያለ የለም፣ መልሺ ነው የተባለችው።»

ይርጋ ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረገው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። የሰው ደረት ተከፍቶ የሚታይበት ሥዕል ነበር፣ በሥሩም ጥያቄዎች። ያቺን ገጽ ገንጥሎ አጣጠፋትና ኪሱ ከተታት። ወለላ አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር።

በማግስቱ መረብ እየሰፉ ልምምዱን ጀመሩ። እሱ ከላይ በኩል፣ እሷ ከታች በኩል፣ መርፌው በመሐላቸው ይመላለሳል።

«ከዓለም ትልቁ ውቅያኖስ የትኛው ነው?»

«ሰላማዊ ውቅያኖስ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁን ተዪው። ዝም ብለሽ ሰላማዊ ውቅያኖስ በዪ።»

«ካላየሁትስ?»

«ለልኬቱ ነው፣ ወለላ። ለልኬቱ ብቻ።»

መርፌውን ይዛ ቆመች። «አንተ አይተኸዋል?»

ይርጋ ከኮምቦልቻ አልፎ አያውቅም። በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውሃ ሐይቅ ነው፣ እሱንም ከመንገድ ዳር። ልጁ አታውቅም ቢባል እንኳ ይህን ታውቃለች።

«አይቻለሁ» አላት።

ልጅቷ ዓይኑን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መርፌውን ሰካች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጠየቃትን ሁሉ እንዲሁ ትመልስለት ገባች፣ ቶሎ ቶሎ፣ አይቻለሁም ሰምቻለሁም ሳትል። ረጅሙ ወንዝ። ትልቋ ፕላኔት። የብረት ኬሚካዊ ምልክት። በአምስተኛው ቀን ከስድሳ ጥያቄ ሃምሳ አራቱን መለሰች። ድምፅዋ ከአጥር ወዲያ የሚሰማውን የሰይድን ልጆች ድምፅ መስሎ ነበር። ይርጋ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱም ይገባኝ ነበር ብሎ አሰበ። ያን ቀን ማለዳ ሰይድ ስለ ጉሙ ሲጠይቃት፣ «ጥሩ ነው» ብላው አለፈች። ሰይድ ለቀልድ ያዘጋጀው አፉ ተከፍቶ ቀረ።

መዛኟ ወይዘሮ ሐዋ ይማም በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መጣች። ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ወገቧን ደግፋ የምትራመድ ሴት ናት። ተሽከርካሪ ዳገቱን ስለማይወጣው ከሰኞ ገበያ ጀምራ በእግሯ ነው የመጣችው። ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነበር። ከበሩ ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች።

«መጀመሪያ ውሃውን እንየው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ይርጋ ይህን አልጠበቀም። ወለላ ድስቱን ጣደች፣ ቴርሞሜትሩን በክር አንጠለጠለችው። ሦስቱም ምድጃው ዙሪያ ቆመው ጠበቁ። ውሃው ተንተከተከ። ወይዘሮ ሐዋ ጎንበስ ብላ አነበበች፣ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አነበበች።

«ዘጠና ሁለት» አለች። «ጥያቄው በባሕር ዳርቻ የሚል ቃል ይጎድለዋል። ልክ ነዎት፣ አቶ ይርጋ። አሥራ ዘጠኝ ትሁን።» ሰሌዳዋን አውጥታ አስተካከለችው።

«ልጄ ደንቆሮ አይደለችም፣ ወይዘሮ ሐዋ።»

«እኔ እንደሱ አላልኩም።»

«ጽፈዋል እኮ።»

«እየተማረች አይደለም ነው ያልኩት። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ምኑን አዩት? ያዩት ቁልፍ ስትጫን ነው።»

ሴትየዋ የቀረበላትን ውሃ ጠጣች። «እውነት ነው» አለች። «ያቺን አምስተኛ ቁልፍ ይግባ ብለን የተከራከርነው እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ነን፣ ያውቃሉ? ልጆች በማያውቁት ነገር ሲንቀጠቀጡ እያየን አላስችል ብሎን። እንዲህ ያለ ቤት ይኖራል ብለን አላሰብንም።» ወለላን ተመለከተቻት። «ሁሉን ነገር ካላየሁ የምትል ልጅ።»

«ታዲያ ይተዉልኝ።»

«ላጫውትዎት። እኔ የተወለድኩት ትምህርት ቤቶቹ ሲዘጉ ነው፣ ልኬት የሚባል ከመምጣቱ በፊት። አባቴ ቤት አስተምራታለሁ ብሎ ፈረመ። ሰው የሚወደው፣ ደግ፣ ተጫዋች ሰው ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ክፋቱ ደግሞ አባቴም አያውቅም፤ ያስተማረኝ ይመስለው ነበር። ማሟያ ቤት ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር የገባሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ እንደ አባትዎ አይደለሁም።»

«አይደሉም። መሆንዎንና አለመሆንዎን ለማወቅ ነው ዳገቱን የወጣሁት።» ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እነዚያን ስድሳ አንድ ጥያቄዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። አርባ ሰባቱን ልጅቷ ሰምታቸዋለች ብዬ አምናለሁ። አሁን ብትመዘን ትመልሳቸዋለች፣ ታልፋለች፣ እዚሁ ትቀራለች። አሥራ አራቱ ግን ስለ ሰው አካል ናቸው። ሳንባ ምን ይሠራል። ትኩሳት ከምን ይመጣል። ደም ወዴት ይሄዳል። አሥራ አራቱንም አላውቅም አለች። እነዚህን የሰማቻቸውም አልመሰለኝም።»

ድስቱ አሁንም ይንተከተካል፣ የሚያወርደው ሰው አልነበረም።

«አልሰማኋቸውም» አለች ወለላ ከበሩ አጠገብ ሆና። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ እናቴ በምን ሞተች?»

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ትጠይቀዋለች። በየዓመቱም የሚመልስላት አንድ ነው።

«አላውቅም» አላት።

ወለላ ጠበቀች። በዚያ ቤት ንግግሩ ገና አላለቀም። ወይዘሮ ሐዋም ምን እንደሚጠበቅ ሳታውቅ አብራ ጠበቀች። ይርጋ እጁን ኪሱ ከተተ። የተጣጠፈችው ገጽ እዚያው ነበረች፣ ጥጓ ጣቱን ወጋው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የመረብ ቀዳዳ ሳይቀር ሄዶ ሲያይ፣ በዚህች አንዲት ነገር ላይ አንድም ቀን «ሄጄ አያለሁ» ብሎ እንደማያውቅ አሁን ገባው። ልጅቷ ግን ከገባት የቆየ ይመስላል።

«ፖስታው ከእናቴ ነጠላ ሥር ነው» አለች ቀስ ብላ። «አይቻለሁ። አልተከፈተም።»

ይርጋ ተነሳ። ከቁም ሳጥኑ አናት ሳጥኑን አወረደ፣ ነጠላውን አነሳ፣ ፖስታውን ይዞ ተመልሶ ቁጭ አለ። ማሸጊያው ደርቆ ነበር፣ ገና ሲነካው ተላቀቀ። ውስጡ አንዲት ወረቀት ነበረች። በላይዋ ላይ የስንዱ ስም፣ ከዚያ በታች ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ ትንንሽ የባዕድ ፊደላት፣ ከግርጌ ሁለት መስመር የሐኪም ጽሑፍ። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አነበባቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ የኖረው ቁጥር ነው። ግን ምን እንደተለካ፣ የትኛው እንደበዛ፣ የትኛው እንዳነሰ አላወቀም። ወረቀቱን ለልጁ ሰጣት። እሷም አይታ አልገባትም። ለሴትየዋ አቀበለቻት።

ወይዘሮ ሐዋ አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አላውቀውም» አለች። «ሐኪም አይደለሁም። አንድ ነገር ብነግራችሁ የሰማሁትን ነው፣ ያየሁትን አይደለም።» ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ መለሰችላት።

ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ በርቶ ይጠብቃል። አራት ቁልፍ ብቻ ይታያል።

«ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ» አለ ይርጋ። «ያጠናነውን በዪ። ስለ አካል ያለውን ከአራቱ አንዱን ነክተሽ እለፊው። ታልፊያለሽ። ሌላውን... ሌላውን አብረን እንማረዋለን።»

«ከማን?»

ይርጋ ባዶውን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አባ፣ ውቅያኖሱን አላየኸውም አይደል?»

«አላየሁም።»

«አውቄ ነበር።» የተቆጣች አትመስልም። የተቀደደ መረብ አይታ የቱ ጋ እንደተቀደደ የምትነግረው ጊዜ እንዲሁ ነው የምትናገረው። ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ማሟያ ቤት ስለ ሰው አካል ያስተምራሉ?»

«ያስተምራሉ።»

«አይተዋል?»

«አይቻለሁ። አራት ዓመት ኖሬበታለሁ።» ወይዘሮ ሐዋ ትንሽ አመነታች። ግን የምታውቀውን ደብቃ መሄድ የማትችል ሴት ነበረች። «ደንባችሁን ግን እዚያ አይቀበሉሽም፣ ልጄ። እዚያ መልሱ ትክክል ከሆነ ከየት አመጣሽው የሚል የለም። ቶሎ መመለስ ነው። ቀስ በቀስ አንቺም መጠየቁን ትረሺዋለሽ። እኔ እስካሁን አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ግፍ ነው።»

ወለላ ይህንንም ሰማች። ወረቀቱን ቀድሞ እንደታጠፈው አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው። አባቷን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ይርጋ ነገ ጠዋት የሚወጣውን ዳገት አሰበ፣ ከታች በኩል የሚይዝለት የሌለውን መረብ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲሰፋ መርፌውን ይዞ ከዳር ዳር እንደሚሮጥ። አትሂጂ ለማለት አፉን ከፈተ። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። አፉን መልሶ ዘጋው።

ልጅቷ ሰሌዳውን ወደ ሴትየዋ ገፋ አደረገችው። ብድግ ብላ ቆመች፣ ጎረቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፦

«ልኬቱን አልደግምም» አለች። «እናቴ በምን እንደሞተች አላውቅም። ሄጄ አያለሁ።»